ያልታጠበው ልጅ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ

ሠላሳ አምስት ነጥብ ሁለት። ሲስተር ቴርሞሜትሩን ከልጄ ብብት አውጥታ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ቢያንስ ሠላሳ ስድስት ከግማሽ መድረስ አለበት። ዓረብ አገር ሳለሁ ዲግሪ ማለት በኤሲው ሪሞት የምነካካው ቁጥር ነበር፤ ማዳም ሲሞቃት ዝቅ፣ ሲበርዳት ከፍ። ዛሬ ለአንድ ዲግሪ እመብርሃንን ስለምን ዋልኩ።

ራቁቱን ደረቴ ላይ አስተኝታ፣ ቆብ አጥልቃለት፣ ሁለታችንንም በጋቢ ጠቀለለችን። ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም፣ ያንቺኑ ነው የሚይዝልሽ አለችኝ።

እህቱ ትናንት ጠዋት አረፈች። መንታ ነበሩ። ቅዳሜ ሌሊት፣ ወራቸው ሳይሞላ፣ ጉና ተራራ ሥር እናቴ ቤት ሳለሁ ምጥ ያዘኝና እዚያው ወለድኳቸው። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ስንደርስ ልጅቷ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛ ነበር። ባለቤቴ ታቅፏት ተመለሰ። ክርስትና አልተነሳችምና ፍትሐት የላትም። ስም እንኳ አላወጣሁላትም።

ማክሰኞ

ጡቴ ለሁለት ያግታል። የሚቀበለው አንድ ነው፤ እሱም በኩባያ።

ሠላሳ አምስት ነጥብ ስድስት። ትንሽ ከፍ ብሏል።

ውጭ ሣሩን ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኗል። እናቴ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ምድር ራቁቷን ታድራለች ትላለች። ቅዳሜ ሌሊትም አንድ ደመና አልነበረም።

ሲስተር ልጅቷ እንደተወለደች ታጥባ እንደነበር ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አይቼ ለምን አልኩ። እርጥብ ገላ ሲደርቅ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ነው የሚሄደው አለች፤ የታጠበችበት ውሃ ሙቅ ቢሆንም ያው ነው። ያለ ወሩ የተወለደ ልጅ ደግሞ የሄደበትን ሙቀት የሚተካበት አቅም የለውም። በዚያ ብቻ ነው የሞተችው ማለት አይቻልም፣ ታንስም ነበር ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች።

የማዳም ልጆች ትዝ አሉኝ። በዚያ ሐሩር ከመዋኛው ሲወጡ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። ፎጣ ይዤ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ስንት ዓመት አደረቅኳቸው! አንድ ቀን እንኳ ለምን ይበርዳቸዋል ብዬ አልጠየቅኩም።

እናቴ ስታጥባት አይቻለሁ። የውሃውን ሙቀት በክርኗ ለክታ፣ እየሳመቻት ነበር። እሱ ሲከተል የሞቀው ውሃ አልቆ ስለነበር በነጠላዬ ጠራርጋ ደረቴ ላይ አኖረችው።

ይህን ለእናቴ ማን ይነግራታል? እኔ አልችልም።

ረቡዕ

ሠላሳ ስድስት። ደስ ሊለኝ ሲል እናቴ በፔርሙዝ አጥሚት ይዛ መጣች። ለቅሶው አድክሟታል፣ ዓይኗ አብጧል። ልጁን አየችው፣ አሸተተችው። “እስካሁን ሳይታጠብ? ምነው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል? እኔ ሞቅ ያለ ውሃ ላምጣ” ብላ እጇን ስትዘረጋ፣

“አትንኪው!” አልኳት።

አራሶቹ ሁሉ ዞረው አዩን። እናቴን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እጇን ሰብስባ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።  አጥሚቱን ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ

እኔን ትኩሳት ያዘኝ። ለምርመራ ሊወስዱኝ ሲሉ ሲስተር እናቴን ጠራቻት። “እማማ፣ ልብስዎን ከፍተው እርስዎ ይያዙት።” እናቴ ሰው ፊት ደረቷን ገልጣ አታውቅም። ቀድሞ ያየችው ግን እኔን ነው፣ ልንካው ወይ እንደማለት። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ስመለስ ጋቢው ውስጥ ናቸው። ማተቧን ወደ ትከሻዋ ገፍታ፣ አገጯን ቆቡ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። ሲስተር ለካችው። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት! አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሲስተር ስትሄድ እናቴ፣ ዓይኗን ከልጁ ሳትነቅል፣ “ያችንም እንዲህ ይዣት ቢሆን ትተርፍ ነበር?” አለችኝ።

“አይ፣ እማ። እሷ ሲጀመርም ትንሽ ነበረች።”

ጋቢውን በልጁ ትከሻ ላይ ሳብ አደረገች። ያመነችኝ መስሎኝ ነበር።

“ሞቅ ባለ ውሃ ነው እኮ ያጠብኳት” አለች።

“አውቃለሁ፣ እማ። አይቻለሁ” አልኳት።  ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል።