ጤና አዳም ሥር የፈሰሰው ወተት

ለታናሽ እህቴ ለየውብዳር

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ሥራው፣ የሻርጃ ሙቀት፣ የማዳምሽ ጠባይ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? የምታሳድጊው ሕፃንስ ዳዴ ማለት ጀመረ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደብረ ብርሃን ውርጩ ገብቷል፤ ብርድ ልብስ ለምንሸጥ ሰዎች ደግሞ ውርጭ አይከፋንም። እማዬ ደህና ናት። የቀረው ሰላምታ ይቆየን። ተናድጄብሻለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትርቅ ነው። ደግሞ አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ እኔ እሸነፋለሁ። ስለዚህ ንዴቴን መጀመሪያ በዕለት ማስታወሻዬ ላይ አወጣሁት፤ ስድቡን እዚያው ትቼ የቀረውን ነው ወደዚህ ያመጣሁት። የጎረቤታችን ልጅ ህሊና ወደዚያ ስትመለስ ደብዳቤውን ይዛልሽ ትመጣለች።

የጡት ፓምፑን ስንመርጥ ታስታውሺያለሽ። አንቺ ማዳምሽ ያላትን፣ በስልክ የሚታዘዘውን ካልላክሁ አልሽ። እኔ ጌጡ ይቅርብኝ አልኩሽ። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ መብራት ቢጠፋም ቻርጁ እስከ ማታ የሚያደርሰኝ፣ ፈታትቼ ለማጠብ የማያስቸግረኝ ይሁን ብዬ የጡቴን ጫፍ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቼ ላኩልሽ። በልኬ መረጥሽልኝ፤ ለዚህስ እጅሽ ይባረክ። ጡት መያዣዬ ውስጥ አስገብቼ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስሸጥ ብውል ማንም አያውቅብኝም። አንድ ቀን አንድ የለሚ ገበሬ ዋጋ ሲከራከረኝ ቆይቶ፣ “እቴ፣ ንብ ገብቶብሻል እንዴ? የሆነ ነገር እዝዝ ይላል” አለኝ። “ንቡስ አንተ ነህ፣ ከጠዋት ጀምረህ አልነቀል ያልከኝ” ስለው ሳቀና ገዛ።

ወተቱን በረዶ ባለበት ትንሽ ሳጥን ይዤ እገባለሁ። ሌሊቱን ልጄን ራሴ አጠባታለሁ፤ በማግስቱ ሱቅ ስውል የትናንቱን እማዬ ታጠጣታለች። ከአንኮበር የመጣችውም ለዚሁ ነው። ማታ ስመለስ ጠርሙሶቹ ባዶ ሆነው፣ ታጥበው ይጠብቁኛል። ፋና ግን ከሳች። በአራት ወሯ ጉንጯ ጎደለ። ጤና ጣቢያ ስትመዘን ኪሎዋ ቀንሶ ተገኘ፤ ነርሷም የምትጠጣው አልበቃትም አለችኝ። ሁሉን እየጨረሰች የምትከሳ ከሆነ ያነሰው የእኔ ወተት ነው ብዬ የፓምፑን ኃይል ጨመርኩ። ጡቴ ቆሰለ። አንቺም የፓምፑን አፍ የሚያጠብብ ጎማ ላክሽልኝ፤ “ይህን ሞክሪው፣ ይሻልሻል” አልሽኝ። ጌታሰው እንደ ባል መላ መምታቱ ነው፣ “ሱቁን ዝጊና ልጅሽን አጥቢ” ይለኝ ጀመር። ሱቁም አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ቁልፍ ረስቼ ጠዋቱኑ ተመለስኩ። እማዬ ጓሮ፣ ጤና አዳሙ ሥር ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን ትገለብጣለች። ስነጥቃት እንኳ አልደነገጠችም። “ፀሐይ የመታው ወተት ለሕፃን ይሰጣል እንዴ? ገበያ የዋለ ጡት እኮ ነው። ሰው በማይረግጠው ቦታ ነው ያፈሰስኩት፣ ግፍ አልሠራሁም” አለችኝ። ፋናን የላም ወተት በውሃ አቅጥና ስታጠጣት ከርማለች። እኛን ስታጠባም ከእርሻ ስትገባ የመጀመሪያውን ወተት ጨምቃ ትደፋ ነበር። እኔም ከገበያ ስገባ እንዲያ እንዳደርግ ነግራኝ እንቢ ስላት ዝም ብላ ነበር። ገዢ ዝም ሲል ሊሄድ መሆኑን የማውቅ ሴት፣ የእናቴን ዝምታ እሺታ አድርጌ ቆጠርኩት።

አናቴን የመታኝ ግን ቀጥላ ያለችው ነው። “የውብዳርም ታውቃለች። እንደመሰለሽ አድርጊ፣ ለእሷ ግን አትንገሪያት ብላኛለች።”

የውብዬ፣ እማዬ ያደረገችው የምታውቀውን ነው። አንቺስ? ማዳምሽ ውጭ ውላ የምታመጣውን ወተት ፍሪጅ የምታስገቢው አንቺ፣ አሙቀሽ የምታጠጪው አንቺ፣ ጠብታ ቢፈስ የምትቆጪው አንቺ ነሽ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ያ ልጅ በዚያ ወተት ሲወፍር ፎቶውን ትልኪልኛለሽ። የእኔ ልጅ ወተት ሲደፋ ግን ከእናቴ አልቀያየምም ብለሽ ተውሽው። ዝም ብትይ እንኳ ባልከፋኝ! ወተቱ የት እንደሚሄድ እያወቅሽ ጎማ ላክሽልኝ። ፓምፑን ስረግም አብረሽኝ ረገምሽ። ደህና ፓምፕ፣ ደህና ጡት፣ በከንቱ አቆሰልኩት።

እማዬ ላይ አልጮኽኩባትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋናን አዝዬ ሱቅ እውላለሁ። ጉንጯ መመለስ ጀምሯል፤ ውርጩ ግን እያሳላት ነው፣ እንዲህ አይዘለቅም። ብለምናትም፣ ነርሷ ብትነግራትም፣ እማዬ “እናንተ ገና ልጆች ናችሁ” ትላለች። አንቺን ታምናለች፤ የውብዳር በሰው አገር ልጅ የምታሳድግ ናት ትላለች። ስለዚህ ይህ በደረሰሽ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደውይላት። ምክር አልፈልግም፤ በየቀኑ በእጅሽ የምታደርጊውን ንገሪያት፣ ስታሞቂም ስታጠጪም በቪዲዮ አሳያት። ከዚያ “አትንገሪያት ያልኩሽ ተሳስቼ ነው” በያት። ይቺን ካላልሽ ሌላውን አልቆጥርልሽም። እስከዚያ ስልክሽን አላነሳም።

ጌታሰው ሰላም ብሎሻል። እማዬን ክፉ ቃል እንዳይናገራት ብዬ ነገሩን አልነገርኩትም፤ አንቺም እንዳታወጪው። እማዬ ጉልበቷ ቀለል ብሏታል፣ ትስምሻለች። ዛሬም ጠርሙሶቹን በፈላ ውሃ አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና አስቀምጣቸዋለች፤ ባዶ መሆናቸውን እያወቀች። ፋና ገና አታውቅሽም። የምታሳድጊውንም ሕፃን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ እሱ ምንም አላጠፋም።

እህትሽ በሰለች
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.