የሜላት ጩኸትና የእድሩ ማኅተም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ጠዋት

ከሐይቁ ዳር የእግር ጉዞዬ ተመለስሁ። ሰላም የለም። ያለፈኝ ባጃጅ ሁሉ ያንኑ «አልቀመጥም» የተባለውን ዘፈን ያስጮኻል። የዘፈኑት እኔ ዘንድ ያደገችው የልጅ ልጄ ሜላትና ሦስት ጓደኞቿ ናቸው፤ «ሽውታ» የተባልን ባንድ ነን ይላሉ። አምና ዘፈናቸው ለስላሳ ነበር፤ ቻልሁት። ዘንድሮ ጊታሩ ቆርቆሮ እንደሚቆርጥ መጋዝ ነው፤ ልጅቱም ትጮኻለች። ከተማው አብዷል። የጎረቤት ሕፃን እንኳ እናቱ ተቀመጥ ስትለው «አልቀመጥም!» ብሎ ዘፈነባት።

ረቡዕ፣ 10

የሚለማመዱበትን ሰርቪስ ቤት ቆለፍሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ወደ ለስላሳው ካልተመለሱ አይከፈትም። ሜላት አላለቀሰችም። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል እንደሚዘፍኑ፣ ሕዝቡም ለዚህ ዘፈን ብቻ እንደሚመጣ በትሕትና አስረዳችኝ። ትሕትናዋ ይበልጥ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ 11፤ ከምሽቱ 3 ሰ.

ከሰዓት ጎረቤቴ አቶ ለማና ሁለት የእድራችን ሽማግሎች መጡ። መቆለፌን አመሰገኑ። ደስ አለኝ። ቀጥለው ግን፦ ሜላትን ከባንዱ ላስወጣ፣ ያለዚያ የእድሩን ሰብሳቢነት ልልቀቅ። በቅዳሜው ስብሰባ መልስ ይሻሉ። «መምህር፣ ቤቱን ያልገዛ እድር ይገዛል?» አለኝ ለማ፤ በገዛ ወንበሬ ተቀምጦ! ሴት ልጅ እንዲህ መጮኽን ከየት ተማረች ሲልም አከለ።

በር ድረስ ሸኘኋቸው። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ለአንተ ልንገርህ፤ ከእኔ ነው። ዳዊት ሳስደግማት «ድምፅ ከሆድ ይውጣ፣ ከጉሮሮ አይለቀም» እያልሁ የቀጣኋት እኔ ነኝ። ስንቆራጠጥ ዋልሁ። ራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ 12፤ ማለዳ

ልጆቹ ግቢው ውስጥ፣ ያለ መሣሪያ፣ በሹክሹክታ ይለማመዳሉ። በመስኮት እሰማለሁ። ሜላት አዝማቹ መካከል ትንፋሽ ያጥራታል። ታገሥሁ። ደገመችው፤ ያው ነው። አልቻልሁም፤ ወጣሁ። ከቃሉ በፊት ትንፋሽ ሳቢ፣ ትከሻሽን ጣይ፣ ድምፅሽን አውጪ አልኋት።

«አባባ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

ይስማ!

አወጣችው። የለማ ውሻ ጮኸ። ድራም መቺዋ በሳቅ ሞተች። እኔ አልሳቅሁም። የተገራ፣ የጠራ ድምፅ ነው። ጊታሩን አሁንም አልወደውም። ቁልፉን ሰጠኋት።

ዕለቱን፣ ከቀኑ 10 ሰ.

የእድሩን ማኅተም ራሴ ለማ ቤት ድረስ ወሰድሁ። ስንት ዘመን በክብር ያኖርሁት ነው፤ ከእጄ ሲወጣ ከበደኝ። መልሴ ይኸው አልሁት። ግባ እንኳ ሳይለኝ ተመለስሁ። ነገ በስብሰባው ሰዓት ሐይቅ ዳር፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። ሆኖም ልጅቱ ሁለተኛውን ስንኝ አሁንም ታጣድፈዋለች። መድረክ ከመውጣቷ በፊት ይህ ነገር መታረም— ይኸው፣ ደግማ አጣደፈችው! ልሂድ።