ለአረፋ ሁለታችንም እንመጣለን

ኅዳር 2000 ዓ.ም.
መርካቶ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? የላክሽው ቆጮ ደርሶኛል፤ ጎረቤቶቼ እኔን ሊጠይቁ እየመጡ ግማሹን ጨረሱት።

እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ደምሽ ተስተካክሏል ብሎኛል፤ ክኒኑን ግን ዕድሜ ልኬን ማቋረጥ የለብኝም። ፊቴን ስለሚያሳብጠው እዚህ አንዋር መስጊድ አጠገብ ገበያተኛው ሁሉ ተመቸሽ፣ ወፈርሽ ይለኛል። የደም ካንሰር እንዲህ የሚያሳምር ከሆነ ለእናንተም ይድረሳችሁ እንዳልል ምላሴን እነክሳለሁ። በፊት የምሸጠው ቅመም ሽታው እያስመለሰኝ ስላስቸገረኝ አሁን የምሸጠው ሻርፕና ሂጃብ ነው። ሰው ዳነች ብሎ ጨርሷል። እኔ ግን ትንሽ ትኩሳት በተሰማኝ ቁጥር ተመልሶ መጣ እላለሁ፤ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

የጻፍኩልሽ ግን ስለ ወንድሜ ስለ ኢርፋን ነው። ለአረፋ ቤቴን እንዳይረግጥ ብለሽ መማልሽን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። አውቃለሁ፤ ደም አንሶኝ አልጋ ላይ ሳለሁ ዘመድ ይስጥ ሲባል፣ የእናቴ ልጅ ከሆስፒታሉ በር ተመልሶ ሄደ። እኔም እንዳንቺ ተቀይሜው ነበር። ሶማሌ ተራ ያለውን ሱቁን ላለማየት በሌላ መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር።

ያኔ ደም ከሰጡኝ ሰዎች አንዱን፣ አትክልት ተራ የሚሸከመውን ጎበዜን በቀደም አግኝቼ ሳመሰግነው፣ ወንድምሽን አመስግኚ አለኝ። ለካ ያን ቀን ኢርፋን ከሆስፒታሉ በቀጥታ የሄደው ወደ ተሸካሚዎቹ ነው። እህቴን አድኑልኝ ብሎ እያለቀሰ ለምኖ ያመጣቸው እሱ ነው። እንዳይነግሩኝም አደራ ብሏቸው ነበር።

ታዲያ የራሱን ለምን ከለከለኝ ብዬ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። መጀመሪያ ደንበኞቹን ሸኘ። ኋላ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ነገረኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም። ይህን የምታነብልሽ የአክስቴ ልጅ ሀስና ናት፣ ቤትሽ ደግሞ ጎረቤት አያጣም። አንቺ ይህን ብቻ እወቂ፤ ደሙን የከለከለኝ ለእኔ ሲል ነው። ጨካኝ ሲባል፣ ሰው ሁሉ ሲሰድበው፣ አንቺ ስትረግሚው፣ አፉን ዘግቶ ተሸከመው። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር።

እናቴ፣ መሐላሽን አንሺለት። እሱን ካላስገባሽው እኔም ከደጅ እመለሳለሁ። ስትቀበይን መጀመሪያ እሱን እቀፊው፤ እኔን ሁሉም ሰው አቅፎኛል። ከስቷል፤ ሰው ፊት ምን ሆንክ ብለሽ አትጠይቂው። ሥጋው ሲቀርብ፣ ለእኔ በሌላ ሰሃን አድርጊልኝ ይልሽ ይሆናል። እሺ እንዳትይው። ከአንቺ ጋር ከአንድ ትሪ ይብላ፤ በእጅሽም አጉርሺው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልን። ስታመም ለእኔ ስታደርጊልኝ የከረምሽውን ዱዓ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለእሱ አድርጊለት።

ልጅሽ