ራሱ የሚነሳው ስክሪን

ሐሙስ፣ ጥር 14፣ ከሚሴ

እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ዘሃራ ትጽፋለች። በጽሕፈት ሱቋ ኮምፒውተር ውስጥ ለአንድ ሥራ ብቻ የምትከፍተው፣ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር አለ። እሱን በዘጋችው ቁጥር የዋናው ኮምፒውተር ስክሪን ይጨልም ነበር። ፊደል ባልቆጥርም፣ ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን ተጭኜ የማስነሳው እኔ ነበርኩ። ደንበኛው ሁሉ «አባ ሰይድን ጥሪልን!» ይላት ነበር።

ዛሬ ግን ውስጠኛው እንደተዘጋ ስክሪኑ ራሱ በራ።

«ማን ነካው?» አልኩ።

«ማንም። ከእንግዲህ ራሱ እንዲነሳ ትእዛዝ ጻፍኩለት። እርስዎም ይረፉ፣ አባ።»

«ደከመኝ ያለሽ ማነው?»

ሳቀች። ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። ግን ነገ ሱቅ መጥቼ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ። እየጻፈች ነው፤ ሳቋን ግን ትታለች።