አግዳሚው ይሻገር

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራው፣ ቤቱ፣ ኑሮው እንዴት ይዞሻል? "እኛ ደህና ነን" ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ ከአጠገቤ አትጠፋም፣ አፍ አፌን ነው የምታየኝ። አሁን ደጅ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተቀምጣለች። በመስኮት እያየኋት ነው የምጽፍልሽ።

መንገዳችንን አስፍተው ጨርሰዋል። አንቺ ከተማ በወረቀት የምትነድፊ ስለሆንሽ ብታዪው ትወጂው ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከመሬት በታች ቧንቧ ስቀጥል የኖርኩ ሰው ነኝና ከላይ ስላለው ብዙም አልፈርድም። ጭቃው ቀርቷል፣ መብራቱ ደምቋል። ግን ጥጉ ላይ የነበረው ዳቦ ቤት ፈርሷል፣ ሰማያዊው በር የለም፣ ትልቁ ዛፍ ተቆርጧል። መሐል ለመሐል ደግሞ የብረት አጥር ቆሟል። ፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊው ዘንድ ለመሄድ እስከ አደባባዩ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ መመለስ ነው። ድሮ እኮ ከበራችን ሆኜ ስሰድበው እየሰፋ ይመልስልኝ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም ጠፋን። ያ ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ነድቶ "ፍሬን" ያልነው ጎረቤታችን እንኳ፣ የሰው በር ከፍቶ ሊገባ ሲል ተይዞ ስንት ቀን ሳቅንበት። እናትሽ ስትጠፋም ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች። "ሌባ ቤት ይሰርቃል ሲባል ነው የማውቀው፤ እነዚህ ከተማውን ሰረቁኝ" አለች። ምላሷን ታውቂዋለሽ። ከዚያ እኛ ቀስ በቀስ መንገዱን ለመድነው፤ እሷ አልለመደችውም። ሁሉ ሰው ጠፍቶ ስለነበር የእሷን መጥፋት ለይቶ ያየ አልነበረም። እኔም አላየሁም።

ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። የመርሳት በሽታ ነው፣ እየቆየ ይብሳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም ብሎኛል። "ስልክ ላይ እኮ ደህና ናት" ትይኝ ይሆናል። ስልክ ላይ ማን ይችላታል? "እሰይ፣ ተባረኪ፣ አይዞሽ" እያለች ታወራሻለች። ስትዘጊው ግን ወደ እኔ ዞራ "ይቺ ሴትዮ ደግ ናት፤ ልጅ አላት?" ትለኛለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

አግዳሚ ወንበሩን መቼም አትረሺውም። ብርድ ሲገባ ፀሐይ ወደሚያርፍበት ወደ ልብስ ሰፊው ግድግዳ፣ ሙቀት ሲመጣ ወደ እኛ አጥር ጥላ ይሻገራል። ቀኑን የምትቆርጠው እናትሽ ነበረች። ማን እንደሾማት እንጃ። አንድ ቀን ጠዋት ብቅ ብላ ሰማዩን ታይና በየበሩ እየዞረች "አግዳሚው ይሻገር" ትላለች፤ ሰፈሩም እያጉረመረመ ይሸከማል። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ጠዋት፣ ስነቃ አጠገቤ የለችም። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ የፍሬንን በር ስታንኳኳ ደረስኩባት።

"አግዳሚው ይሻገር" አለችው።

ፍሬን ዓይኔን አየኝ። አንገቴን ደፋሁ።

"ዛሬ ነው እንዴ፣ እትዬ?"

"ዛሬ ነው እንጂ። ሙቀቱ አይታይህም? ልጄ ከትምህርት ቤት ልትመጣ ነው፤ ጥላው ውስጥ ቁጭ ብዬ ልጠብቃት።"

"እውነትሽን ነው። ቆይ ካፖርቴን ልልበስ።"

"በዚህ ሙቀት ካፖርት?"

"የሽማግሌ ነገር፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" አላት።

ዞረን ልብስ ሰፊው ዘንድ ደረስን። እሱም አንዲት ቃል ሳይጠይቅ መቀሱን አስቀምጦ ወጣ። ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚውን ተሸክመን ቁልቁል ወረድን። ቀዩ መብራት ላይ አግዳሚውን አውርደን ተቀመጥንበት፤ ፍሬን "የእኔ አውቶቡስ እንኳ እንዲህ አይመችም ነበር" አለ፣ ባለመኪናዎቹ ያዩናል። እናትሽ ከፊት ከፊት ትመራን ነበር። አደባባዩ ላይ ተሳስታ ወደ ሌላ መንገድ ስትገባ ከነሸክማችን ተከተልናት። ራሷ "እዚህ አይደለም" እስክትል ድረስ ማናችንም አላረምናትም።

ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ፀሐዩ ማዶ ባዶ ግድግዳ እያሞቀ እኛ ጥላ ውስጥ እንንቀጠቀጣለን። ልብስ ሰፊው አፍንጫውን እየጠረገ "እንዴት ያለ ሙቀት ነው" ይላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል የምሰማው ለካ እንዲህ ያለውን ነው። ቅር አይበልሽ፣ አንቺን መንካቴ አይደለም።

በሚመጣው ዓመት ዕረፍት ስወጣ እመጣለሁ ብለሽኛል። እስከ ዛሬ "አትቸኩይ፣ ሥራሽን ያዢ" ስልሽ ነበር። አሁን ግን ነይ እልሻለሁ። የሚመጣውን ዓመት እኔና አንቺ እንደርስበት ይሆናል፤ እሷ ግን የት ላይ እንደምትደርስ አላውቅም። ዛሬ እየጠበቀችሽ ነው። ሲመሽ "ዘገየች" ትላለች፤ እኔም "ነገ ቶሎ ትመጣለች" ብዬ አስገባታለሁ። መጠበቁንም የረሳች ቀን ምን ብዬ እንደማስገባት እንጃ።

ታውቅሻለች ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ የምትጠብቀው ቦርሳ ያዘለች ልጅ ነው። ግን ስትመጪ ታክሲው ደጃችን አያውርድሽ። አደባባዩ ጋ ወርደሽ በእግርሽ ነይ፣ ከሩቅ ታይሽ። አረማመድሽ ያው የልጅነትሽ ነው፣ እንደዚያች ልጅ ችኩል።

የወጣሽበት መንገድ መመለሻ ይኑረው። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ደግ ጎረቤት አይንሳሽ።

አባትሽ

ስትመጪ ወፍራም ካፖርት ያዢ፤ የምንቀመጠው ጥላው ውስጥ ነው።