በሽምግልና የተለካው ጠመንጃ

ከሳን ፓብሎ፣ ካሊፎርኒያ

ለተከበሩ የፌዴራል ጦር መሣሪያ ምዝገባ መሥሪያ ቤት የርዝመት ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ
ዳውንታውን ኦክላንድ

ጉዳዩ፦ ርዝመቱ አልታወቅ ስላለ አንድ ጠመንጃና በእርሱ ምክንያት ከቤት መውጣት ስላልቻሉ አንዲት አያት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ወንበርዎ ለወገብዎ የተመቸ፣ ምሳዎም ሰዓቱን የሚያከብር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስሜን ለማስታወስ እንዳይቸገሩ፣ ባለፉት አሥራ አንድ ሳምንታት አራት ፎርም በትሕትና የላክሁልዎት፣ አራቱም በትሕትና የተመለሱልኝ ሚናስ ደግነት ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። በጃንሆይ ዘመን የካርታ ሥራ ተምሬ የበጌምድርን ተራሮች በሰንሰለት ለክቻለሁ። ይህን የማነሣው ለመኩራራት ሳይሆን፣ ክንድ የማይሞላ ብረት በስተርጅና ምን ያህል እንዳዋረደኝ እንዲረዱልኝ ነው።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ለተ ማርያም ባለቤታቸውን አቶ ፍቅረማርያምን ባለፈው ዓመት አጥተዋል። ሟች በሪችመንድ ከተማ በጥበቃ ሥራ ላይ ሳሉ አንዲት አጭር ጠመንጃ ገዝተው በመሥሪያ ቤትዎ በሕጉ አስመዘገቡና፣ ሠላሳ ዓመት አንድም ጊዜ ሳይተኩሱባት ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው አኖሯት። የወይዘሮዋ ፍላጎት ቀላል ነው። ጠመንጃዋን ለመንግሥት በነጻ አስረክበው፣ ሳን ሆዜ የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለችውን ልጃቸውን ሔርሜላን ሄደው ማረስ ይፈልጋሉ። መሥሪያ ቤትዎ ግን በቀድሞው መዝገብ ላይ የርዝመት ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ስላገኘ፣ ርዝመቱ ያልታወቀ ዕቃ በስጦታም ቢሆን እንደማይረከብ አሳወቀን። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌላ አገር አላየሁምና ምስጋናዬን አስቀድማለሁ፤ ቅሬታዬ ከዚህ ይቀጥላል።

፩. የሚፈለገውን የበርሜሏን ርዝመት እንድንለካ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰየምን፤ እኔ፣ የታክሲ ጡረተኛው አቶ አክሊሉ፣ እንዲሁም በቀድሞው ዘመን ዳኛ የነበሩት አቶ ብርሃነ መስቀል። መመሪያዎ እንደሚያዘው ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠን፣ መቀርቀሪያዋን ዘግተን፣ ከበዓል የተረፈ ቀጭን የባንዲራ እንጨት በአፈሙዟ ከትተን እስኪያቆመው ገፋነው። እኔ ጫፏ ላይ የተጠመዘዘውን ቁራጭ ብረት ጨምሬ ዐሥራ ሰባት ኢንች አልሁ። አቶ አክሊሉ ቁራጩን በጣታቸው ፈትተው አነሡና፣ ባርኔጣውን አድርጎ ቁመቱን የሚያስለካ ሰው አላየሁም ብለው ዐሥራ አምስት አሉ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን የተነገረውን ለመሥሪያ ቤትዎ ክብር ስል እተወዋለሁ። አቶ ብርሃነ መስቀል ሃያ ዓመት የወሰን ክርክር የዳኙ ሰው ናቸውና የሚያውቁትን አደረጉ፤ ሁለታችንንም አስቀምጠው፣ እኔ አንድ ኢንች እንድተው፣ አቶ አክሊሉም አንድ ኢንች እንዲጨምሩ አግባቡን። ዐሥራ ስድስት ላይ ታረቅን። እንጨቱን በስምምነታችን መሠረት ዐሥራ ስድስት ላይ ቆርጠን፣ ቃለ ጉባኤ ጽፈን፣ ሦስታችንም ፈርመን፣ አስተርጉመን ከፎርሙ ጋር አያያዝነው።

፪. መሥሪያ ቤትዎ የሕጉ ወሰን እዚያችው ዐሥራ ስድስት ላይ መሆኑን በመልሱ አስተማረን። ከዚያ በታች ከሆነች በመዝገብዎ ሥር ናትና ክፍልዎ ይረከባታል፤ ዐሥራ ስድስት ከሞላች ግን የእርስዎ ክፍል አይመለከታትም፣ አይረከባትምም። የስምምነታችን ዐሥራ ስድስት ትክክል መሆኗ ተረጋግጦ ከሁለት አንዱ እስኪለይ ድረስም ጠመንጃዋ ከተመዘገበችበት አድራሻ እንዳትንቀሳቀስ፣ ያለ ኃላፊ ሰውም እንዳትቀር አዘዙ። ስለዚህ አሳቢነት እናመሰግናለን። ወይዘሮ ለተ ማርያም ልጃቸውን ያረሱት በስልክ ነው፤ የገንፎውን አገነፋፈል ለአማቻቸው በድምፅ ማጉያ እየነገሩ፣ እርሱም በእንግሊዝኛ እየመለሰ። አንድ ቀን ከቁምሳጥኑ ፊት ተቀምጠው፣ «ጋሽ ሚናስ፣ ፍቅሬ እንኳ በዘበኝነቱ የዕረፍት ቀን ነበረው» አሉኝ።

፫. በስልክ ያነጋገሩኝ ባልደረባዎ ማስረጃውን ይዤ በአካል እንድመጣ ነገሩኝ። የበሩ ጥበቃ ደግሞ የጦር መሣሪያ ወደ ሕንፃው እንደማይገባ አስረዱኝ። ይህን ገምቼ ጠመንጃዋን ቤት ትቼ እንጨቱን ይዤ ነበርና፣ እንጨቱን በአክብሮት ተቀብላችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ባለ ማኅተም የምስክር ወረቀት ላካችሁልን። የቀረበው ዕቃ ዐሥራ ስድስት ኢንች እንጨት መሆኑና የጦር መሣሪያ አለመሆኑ ተረጋግጧል ይላል። እንኳን ደስ ያለን። እንግዲህ እንጨቱ ያሻው አገር፣ ሳን ሆዜም ጭምር፣ ያለ ከልካይ መሄድ ይችላል።

፬. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት መመሪያዎን ደግሜ ሳነብ፣ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በእጅ የሚፈታ ቁራጭ በርዝመት እንደማይቆጠር፣ የሚቆጠረውም ተበይዶ የማይለያይ ብቻ መሆኑን አገኘሁ። ትክክለኛው ዐሥራ አምስት ነበር። አቶ አክሊሉ ልክ ነበሩ። ተራራ የለካሁት እኔ ስሕተቴን ለመናገር አፍሬ ሁለት ሳምንት ዝም አልሁ፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንዲት እናት ከአራስ ልጇ ተለይታ ተቀምጣ ነበር። ይህንን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቄ ዐሥራ አምስት ብዬ አራተኛውን ፎርም ላክሁ።

መልስዎ ይህ ነበር፦ «በመዝገብ ላይ ያለውን የሽማግሌዎች ስምምነት የሚጻረር ልኬት አንቀበልም።»

ክቡር ሆይ፣ ባህላችንን እንዲህ በፍጥነት መውረስዎ እንባ አስመጥቶብኛል። ሽምግልና ሰው ከሰው ማስታረቂያ እንጂ ብረት መለኪያ አለመሆኑን እኛ በስተርጅናችን ስንማር፣ መሥሪያ ቤትዎ በዚያው ቀን ወደ ሽምግልና ገባ።

የፊታችን እሑድ ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። ወይዘሮ ለተ ማርያም ይሄዳሉ። ይህን የምጽፈው ለማስፈቀድ አይደለም፤ ለማሳወቅ ነው። ጠመንጃዋ ያለ ኃላፊ እንዳትቀር ባዘዙት መሠረት እኔ፣ አቶ አክሊሉና አቶ ብርሃነ መስቀል ቁልፉ ሳይነካ በየተራ ከቁምሳጥኑ ፊት እንቀመጣለን። ሦስታችን ተደምረን ሁለት መቶ አርባ አንድ ዓመታችን ነው፤ ለኃላፊነት የሚያንስ ከሆነ በሚቀጥለው ፎርም ይግለጹልን። የእናንተ ሰው ሜትር ይዞ ብቅ ቢል ደግሞ በሩ ክፍት ነው፤ ሥራው ምሳ ሰዓቱን አይነካበትም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ይልቁንም ስላስተማሩን ትዕግሥት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንሁ፣ ቀና ስል ፎርሙ አምስተኛ ጊዜ ተመልሶ እንዳላገኘው በመጸለይ፣

የዘወትር አመልካችዎ
ሚናስ ደግነት
የቀድሞ የካርታ ሥራ ባለሙያ፣ የአሁን የቁምሳጥን ዘበኛ

ግልባጭ፦
ለአቶ አክሊሉ (ከይቅርታ ጋር)

ማስታወሻ፦ ሕፃኗ የተወለደች ዕለት ርዝመቷን አንዲት ነርስ ለክታለች። ሕፃኗ እያለቀሰችና እየተራገጠች፣ በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ ሜትር፣ ሃያ ኢንች ተብሎ ተጻፈ፤ ማንም አልተከራከረም። አሁን ሃያ ሦስት ተኩል ደርሳለች ይባላል። አያቷ ያንን ሦስት ኢንች ተኩል አላዩትም። ጠመንጃዋ ግን፣ ደስ ይበልዎት፣ ከተተወችበት ቦታ አንዲት ኢንች አልተንቀሳቀሰችም።