ካርድ ያዢልኝ ያልሽው

የእህቴ ልጅ፣

ተኝተሽ ነው የወጣሁት፤ የልብስ ማጠቢያው ሥራ ዛሬ በጠዋት ነው። ቁርስሽ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።

ትናንት «ስትመለሺ ኮምፒውተር ቤቱ ገብተሽ ካርድ ያዢልኝ» አልሽኝ። ገባሁ፣ ካርድ አልኩ፣ ልጅቷም የስልክ ካርድ ሰጠችኝ። ኮምፒውተርም ለጌም የራሱ ካርድ እንዳለው ማን ነገረኝ? ያንቺው ለሌላ ሰው ተሸጠ። እሺ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው።

ግን ጓደኛሽ ፊት «ለሷ ማስረዳት ለግድግዳ ማውራት ነው» ማለት ምን የሚሉት ነው?
ግድግዳ ብሆንማ እንቅልፍ ባልነሳኝ።

ማታ በርሽን ስትዘጊብኝ ኮምፒውተር ቤቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ባለሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስኩበት። ሌላ ያገለገለ ካርድ አለው። ከፊተኛው ትንሽ ይደክማል፣ ግን መብራት አይበላም፤ ለምትገጣጥሚው ኮምፒውተር መብራት እንዲሰጥ የገዛሽው ፓወር ይችለዋል፣ ሌላ አያስፈልግሽም አለኝ። በሚተርፍሽ ገንዘብ ሜሞሪ ጨምሪበት። ያንን ቦግ ቦግ የሚል የኮምፒውተር ሳጥን ግን ተዪው፤ አምፖል ቤታችን ሞልቷል።

እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው የሚያቆይልሽ። ከፈለግሽው ራስሽ ደውዪለት፤ እኔ ደግሜ ሰው አልለምንም።

ሂሳብ የለኝም እንዳትዪ፤ የትናንቱን ካርድ ስልክሽ ላይ ሞልቼዋለሁ።
ከሱ ከተረፈሽ ለኔም ደውዪ። ማጠቢያው ውስጥ ስልክ ክልክል ነው። ዛሬ ግን ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው።

ግድግዳዋ አክስትሽ